አራት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አፈር

ከመጀመሬ በፊት ልማልላችሁ። አባቴ ይሙት እንዳልል አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ በሞተ ሰው የማለ ደግሞ አልማለም ትሉኛላችሁ። ስለዚህ በራሴው እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ። የሚያውቁኝ እዚህ ላይ እንደሚስቁ አውቃለሁ። የሰፈር ስሜ ቀደዳው ነው፤ መሥሪያ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገብቷል። ለግቢው ጥበቃ ውሻ የደረጃ እድገት ተሰጠው ብዬ አውርቼ ሠላሳ አንድ ሠራተኛ አቤቱታ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላም ሌላም አለ። ይኼኛው ግን የሆነ ነው። እህቴን ጠይቁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አደራ፣ እህቴን እንዳትጠይቁ።

የዚያን ቀን ጠዋት እህቴ ቁርስ ላይ አፈር በላች። በላች ስል ጠግባ ተነሳች ማለቴ አይደለም። ከዳቦውና ከሻይ ብርጭቆው መሀል አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ማርማላታ ሳይሆን ግራጫ አፈር ነው። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ጫፍ ላይ ጣል አደረገችው፤ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየችና መሀረቧ ላይ ተፋችው። "ይሄ ተማሪ ዋሽቶኛል" አለች። "ከዳገቱ ሰፈር ነው ያመጣሁት ብሎኝ ነበር። ይቺ እኮ የወንዝ ዳር አፈር ናት፤ ጎርፍ የሚያመላልሳት።" እኔ ዳቦዬን እያኘክሁ፣ "ምን ቸገረው ታዲያ? አፈር አፈር ነው" አልኳት። "ወንዝ ዳር የሚኖረው ሌላ ቦታ ያጣ ነዋ። አፍሮ ነው የዋሸኝ" አለችና ጠርሙሱን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰው ቤት "አፈር ብላ" ስድብ ነው፤ እኛ ቤት የመንግሥት ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኔ ቦርሳ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቦርሳው ውስጥ ለእሷ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። እዚያ ሚስማር ላይ ከተሰቀለ የዚያን ቀን አሥር ቀኑ ነበር። እህቴ በዩኒቨርሲቲው የአፈር ጥናት መምህርት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። እኔ እዚያው ግቢ ተላላኪ ነኝ፤ ከመዝገብ ቤት ደብዳቤ ተቀብዬ በየቢሮው አድላለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት በቃኝ ስላትም ሥራውን ለምና ያስገባችኝ እሷው። የማይገባኝ ቃል ሲያጋጥመኝ ደግሞ የምጠይቃት እሷን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ብጠይቅ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም፤ እንደ ተማሪዎቿ ቁጭ አድርጋ ታስረዳኛለች። አሁንም የምኖረው ከቤቷ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋና ወንበር ብቻ የምታስገባ፣ ሦስተኛ ዕቃ ከመጣ እኔ የምወጣባት ክፍል።

ደብዳቤው የመጣው ከአደረጃጀት ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍሎችን እንደገና እናዋቅራለን ሲል ከርሟል። ሥራው ጋብቻ ማስተሳሰር ይመስል ነበር። ታሪክን ለቱሪዝም ዳሩት፤ ፍልስፍናን ለማስታወቂያ ሥራ፤ ሥነ ሕዝብን ከነልጆቹ ለኢኮኖሚክስ ሰጡት። አፈርን ግን የሚያገባት ጠፋ። ከሃያ ተማሪ በታች ያለው ክፍል ይታጠፋል አሉ፤ እንደ አንሶላ። የእህቴ ተማሪዎች ስድስት ናቸው። አብረዋት ያስተምሩ ከነበሩት ሁለት መምህራን አንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ ሌላው ማዳበሪያ የሚሸጥ ድርጅት ገብቷል። የቀሩት እሷና አራት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ናቸው።

ስለ ጠርሙሶቹ ልንገራችሁ፤ ነገሩ እነሱ ላይ ነውና። እህቴ አንድ ሕግ አላት። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከተወለደበት ግቢ አንድ ጭብጥ አፈር ይዞ ይመጣል። ደብተር ባይኖረው ግድ የላትም፤ አፈር ከሌለው አይገባም። እሷ ጠርሙስ ውስጥ ታደርግና ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋ መደርደሪያ ላይ ታሰልፈዋለች። ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ፣ አመድ የመሰለ አለ፣ ሲያዩት ብስኩት የሚያሰኝ አለ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጠርሙሳቸው ውስጥ ካለው ጋር ተቀላቅለዋል። የመጀመሪያው ጠርሙስ የእሷው ነው፤ ከእናታችን ደጃፍ የተዘገነ። ያ ግቢ ተሸጦ አሁን ፎቅ ቆሞበታል። ስለዚህ ከእናታችን ቤት በዓለም ላይ የቀረው ያ ጠርሙስ ነው፤ እኔም ምናልባት።

ደብዳቤው እጄ ሲገባ ፖስታው አልታሸገም ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ "የአፈር ጥናት ትምህርት ክፍል እንዲታጠፍ ተወስኗል" ይላል። ሁለተኛ ገጽ ነበረው፤ እሱን አላነበብኩም። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀን ቆጠርኩ። የተማሪዎቿ የተግባር ፈተና አሥር ቀን ቀርቶታል። እህቴ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች ቀን ነው፤ አዲስ ቀሚስ የሚገዛው ለዚያች ቀን፣ ሳቋ የሚሰማው በዚያች ቀን። ደብዳቤውን ብሰጣት ፈተናውን ቆማ እንደማትፈትን አወቅሁ። ምን ይጎዳል፣ አሥር ቀን ትደሰት፣ አልኩ። ቀልድ አድርጌው እንዳይመስላችሁ፤ በሕይወቴ አስቤ የሠራሁት ተንኮል ይኼ ብቻ ነው።

የማስረከቢያው መዝገብ እንዳያስቸግረኝ የሆነው ደግሞ በሥራችን ጠባይ ነው። ደብዳቤ የተቀበለ ሰው መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። መምህራን ግን አንዴ ክፍል ናቸው፣ አንዴ ስብሰባ ናቸው፣ "ፈርምልኝና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው" ይሉኛል። ዓመት ሳይሞላኝ የአርባ ሰባት ሰው ፊርማ ለምጄ ነበር፤ ዲኑ ራሱ ያንተው ያምራል ብሎኛል። ከሁሉ በፊት የለመድኩት ግን የእህቴን ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ካርዴ ላይ። የሷ ፊርማ መጨረሻው ላይ ጅራት አለው። እሷ ስትፈርም ስለምትቸኩል ያጥራል፤ እኔ ስለማልቸኩል ይረዝምብኛል። ለደብዳቤው ፈረምኩላት፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ሥራ ስንሄድ በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሂሳብ ጨምሯል፤ ረዳቱ በየፌርማታው አዲስ ዋጋ የሚያወጣ ይመስላል። እንደ ልማዷ የሁለታችንንም ከፈለችና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረች። ከእህቴ ጋር ብዙ አናወራም፤ እኔ ውጭ ስቀድ እውላለሁ፣ እሷ ጋ ስደርስ ወሬው ያልቅብኛል። አዲሱን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። አንገቱ ላይ የዋጋው ወረቀት ሳይበጠስ ቀርቶ አየሁትና በጥርሴ በጠስኩላት። "ስንት ይላል?" አለችኝ። ያየሁትን አሳንሼ ነገርኳት። "ውሸታም" አለች፤ ደስ ብሏታል።

ግቢው በር ላይ የታሪክ መምህሩ፣ አሁን የቱሪዝም መምህሩ፣ አገኙንና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አይዞሽ" አሏት። "ሁላችንም ላይ ነው የመጣው። አንቺ ግን ጠንካራ ነሽ፤ ድምፅሽን እንኳ አላሰማሽም።" እህቴ የጉልበቷን ሕመም ያነሱ መስሏት፣ "ኧረ እኔስ ተሽሎኛል፤ እርስዎም ቅባት ቢጤ ይሞክሩ" ብላ አለፈች። ሰውዬው ቆመው ቀሩ። እኔ ቦርሳዬን በብብቴ ጥብቅ አድርጌ ይዤ ተከተልኳት። አሥሩንም ቀን እንዲህ ነበር። ሰው ሁሉ ታውቃለች ብሎ ያዝንላታል፤ እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ ጉልበቷ መጨነቁ ይገርማታል።

ፈተናው የተጀመረው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ክፍሏ ከጥገናው መጋዘን ጀርባ ያለች አሮጌ አዳራሽ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ጣራው ያወራል፣ ቧንቧው ይሳላል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስማቸው የተሸፈነ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ተማሪው ይዘግናል፣ በውሃ ያርሳል፣ እንደ ሊጥ ያሻል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ እየገፋ እንደ ጥብጣብ ያስረዝመዋል። ጥብጣቡ ቶሎ ከተበጠሰ አሸዋ በዝቶበታል፤ ከረዘመ ሸክላ ነው። ወረቀት የለም፣ ማሽን የለም፤ ጣትና አፍንጫ ብቻ። እህቴ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች፤ ጉልበቷ የት እንደገባ እንጃ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እንዳየሁት ከሆነ አሥር ዓመት ወጣት ሆናለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የንብረት ክፍሉ ሹም ሁለት ወዛደር አስከትሎ መጣ። ሰው ባለሜትሩ ይለዋል፤ ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ ሰላምታ አይሰጥም። "ክፍሉን ልንለካው ነው፤ የኮምፒውተር አዳራሽ ይሆናል" አለኝ ጮክ ብሎ። በሩን ሳብ አድርጌ ዘጋሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"ዛሬ እንኳ ባትገባ ይሻልሃል።"

"ለምን?"

"ከአንዱ ጠርሙስ የእባብ እንቁላል ወጣ። ተፈለፈለ። ሰባት ናቸው፤ ስድስቱን ይዘናል።"

ወዛደሮቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ባለሜትሩ ግን ዓይን ዓይኔን አየኝ። "አንተ ቀደዳ፣ ባለፈው ደግሞ ጣራው ላይ ንብ አለ ብለኸኝ ነበር።"

"ንቡ እኮ እባቡን ፈርቶ ሄደ።"

ሳቀ፤ ሜትሩንም ኪሱ ከተተ። "ይሁን፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን። እህትህ ግን ወረቀቷን አስገባች?"

"ድሮ!" አልኩት።

የምን ወረቀት እንደሆነ አላወቅሁም። ውሸት እኔ ጋ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳላስበው ይወጣል። ባለሜትሩ "ጎሽ፣ እንዲያ ከሆነ ጠርሙሶቹን አንነካም" ብሎ ሄደ። እኔም የፈተናው ውጤት ወረቀት መስሎኝ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። እህቴ ያን ጊዜ ከተማሪዎቿ አንዱ ፊት ቆማለች። ጠዋት ቁርስ ላይ የቀመሰችውን ጠርሙስ ሰጥታዋለች፤ የገዛ ራሱን። ልጁ ቀጭን ነው፤ ሸሚዙ ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋ። አፈሩን አርሶ አሸ፣ ጥብጣቡን ገፋው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"የት ነው?" አለችው።

ልጁ ጭቃማ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ጊዜ አለህ። የት ነው?"

"ወንዝ ዳር" አለ ልጁ። "የኛ ቤት ነው፣ መምህርት። ዳገቱ ላይ ነው ያልኩዎት... ወንዝ ዳር ነው።"

"አሁን አለፍክ" አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ ጠርሙሶቹን ያንቀጫቀጨ መሰለኝ። ልጁም ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። እህቴ እጇን ቧንቧው ሥር እየታጠበች ውስጥ ውስጡን ታንጎራጉራለች። ቦርሳዬን ከፍቼ ደብዳቤውን ሰጠኋት። እጇን ሳታደርቅ ተቀበለችኝ፤ አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ጭቃማ ምልክት ተወ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ፊቷ ብዙ አልተለወጠም። "ይሁን" አለች፤ "ፈተናውን ጨርሰናል።" እፎይ አልኩ፤ የልቤ ደረሰ። ከዚያ ገጹን ገለጠች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የተጻፈው ይኼ ነው። መምህሯ ከሦስት የሥራ ቦታዎች አንዱን መርጣ፣ የማስተማሪያ ስብስቡም እንዲጠበቅ ከፈለገች ያንኑ አመልክታ፣ ቅጹን ሞልታ ደብዳቤው በደረሳት በአሥር ቀን ውስጥ ታስገባ። ካላስገባች በፈቃዷ እንደለቀቀች ይቆጠራል፤ ስብስቡም ይወገዳል።

"መቼ ነው የደረሰህ?"

"ሰሞኑን።"

"መቼ?"

"ዛሬ አሥር ቀኑ ነው።"

"ሁለተኛውን ገጽ አላየኸውም?"

"አላነበብኩትም። እትዬ ሙች፣ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት።"

አልተቆጣችም። ሮጠች። መዝገብ ቤት ያለው ግቢው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል፣ ደረጃውን ወጥተህ። ግማሽ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ትከሻዬን ያዘች። እንደዚያ ተደጋግፈን፣ እሷ በአዲሱ ቀሚስ፣ ሁለት ሰካራም መስለን ደረስን። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ወይዘሮ ቀይ መስመር ማስመሪያቸውን ይዘው የዕለቱን መዝገብ እየዘጉ ነው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን በየቀኑ የገቢ ደብዳቤ ሲያልቅ ከሥሩ ቀይ መስመር ስለሚያሰምሩ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው። ከዚያ መስመር በታች ፈጣሪም ቢጽፍ አይቀበሉም።

"መምህርት፣ እርስዎን እኮ ስጠብቅ ነበር" አሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። "ትናንትም ጠበቅሁ። መስመሩ ተሰመረ፣ ምን ላድርግ?" እህቴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ደብዳቤው ገና አሁን እንደደረሳት ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። "እንዴ፣ ታዲያ ምን ያስሮጥዎታል! አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ከፈረሙበት ቀን ነው። ዛሬ ከሆነ የፈረሙት ገና አሥር ቀን አለዎት። ቆይ፣ ማስረከቢያውን ልይ።" መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥተው ገለበጡ፣ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያወረዱ ፈለጉ፤ ቆሙ። መዝገቡን አዙረው ለእህቴ አስጠጉላት።

"ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

እህቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ጅራቱ ረጅም ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ቀስ ብለው፣ "ካልሆነ አይደለም ይበሉ። የመንግሥት መዝገብ ላይ በሰው ስም የፈረመ ሰው የሚጠብቀውን እኔም አውቃለሁ፤ ግን የእርስዎ ሳይሆን ነው ካሉ የሚጠፋው ሃያ ስድስት ዓመትዎ ነው" አሉ። እኔን አላዩኝም፤ ግን ለእኔ እንደተናገሩ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ። እህቴ እጄን አንጓው ላይ ያዘችኝ፤ በልጅነቴ በሚኒባስ በር ልወድቅ ስል ትይዘኝ እንደነበረው፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ገባ።

"ነው" አለች። "የኔ ነው። ፈርሜ ረስቼው ነው።"

ወይዘሮ ቀይ መስመር መዝገቡን ዘጉ። እህቴ "አመሰግናለሁ" ብላ ወጣች።

ወደ አዳራሹ ተመልሳ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዛ መጣች፤ የመጀመሪያውን። ሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አቀፈችው። ረዳቱ፣ "እናት፣ ዕቃ ይከፈልበታል" አላት። "አፈር ነው" አለችው። "አፈርም ይከፈልበታል።" የሦስት ሰው ከፈለች። ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ ሳታየኝ፣ "አንተ፣ ያንን ጅራት ማሳጠር የምትማረው መቼ ነው?" አለችኝ። ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ "ግድ የለም። ሁለተኛውን ገጽ ብታነበው ኖሮ ትነግረኝ ነበር" አለች። ለእኔ ሳይሆን ለጠርሙሱ የነገረችው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ባለሜትሩ ሠራተኞቹን ይዞ መጣ፤ እባቡን አልጠየቀም። አራት መቶ አሥራ አንዱን ጠርሙስ ከመጋዘኑ ጀርባ ገለበጧቸው። የአራት መቶ አሥራ አንድ ቤት ደጃፍ አንድ ክምር ሆነ፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ የወንዝ ዳሩም። አሁን ሣር በቅሎበታል። ደብዳቤ ሳመላልስ በዚያ በኩል አልሄድም፤ በዋናው በር ዞሬ እሄዳለሁ፤ ይርቃል።

ምላሴ ይቆረጥ ብዬ ነበር። እንግዲህ ይቆረጥ፤ አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁ። እባቡን አይደለም፤ እባቡን በርግጥ ብዬዋለሁ። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩም ያልኩት ነው። አንብቤዋለሁ። የመጣ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የተጻፈው በሹማምንት አማርኛ ነው፤ አልገባኝም። እሷን ልጠይቅ ደግሞ እንዴት ብዬ? ባለሜትሩ በሩ ላይ "ወረቀቷን አስገባች?" ሲለኝ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበረን። ልነግራት ነው ወደ ክፍሉ የተመለስኩት፣ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጄ ይዤ ነበር። ግን ልጁ ወንዝ ዳር ነው አላት፣ እሷም አሁን አለፍክ አለችው፤ ደብዳቤውን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩት፤ እየሳቀች ነበር።